ፒኤችፒ፣ ዶትኔት እና የተረሳው ጃንጥላ

ሌላ ሴት ባሏን የት እንዳገኘችው ስትጠየቅ «ሠርግ ቤት» ወይ «ዩኒቨርሲቲ» ትላለች። እኔ «ስብሰባ ላይ፣ ተሸንፌ» ነው የምለው። ሰው ቀልድ ይመስለውና ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ግን ቀልድ አይደለም።

ነገሩ የሆነው ደብረ ማርቆስ ነው፣ ሚሊኒየሙን ባከበርን ማግስት። ትምህርቴን ጨርሼ እዚያው በተወለድኩበት ከተማ አንድ ኮሌጅ ተቀጥሬ ነበር። የኮምፒውተር ክፍሉ ሠራተኞች ሁለት ነን፤ እኔና እሱ። እሱ የደጀን ልጅ ነው። እናቱ የዓባይን ዳገት ወጥተው ለሚያርፉ አውቶብሶች ቆሎና ዳቦ ይሸጣሉ። ቅዳሜና እሑድን እናቱ ጋ ሄዶ ሰኞ ሲመለስ ቆሎ ይዞ ይመጣል። ቆሎውን በሁለታችን ኪቦርዶች መካከል ወረቀት ላይ ያፈሰዋል። «ብይ» አይልም፤ ዝም ብሎ ወደ እኔ ገፋ ያደርገዋል። እኔም ዝም ብዬ እበላለሁ። ከዚህ ያለፈ ነገር በመካከላችን ተነግሮ አያውቅም።

የምንጨቃጨቀው ግን ቀኑን ሙሉ ነበር።

ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር ተማሪው ውጤቱን ለማወቅ የሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ይከመራል። ከሮብ ገበያ፣ ከይጁቤ ድረስ ተሳፍሮ የመጣ ልጅ በብረቱ መካከል እጁን ሰድዶ ስሙ እስኪጠራ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜ «ገና ነው፣ ሰኞ ተመለስ» ተብሎ ይሄዳል። አንድ ቀን ዲኑ ሁለታችንን ጠሩንና «ይኼ ነገር በኮምፒውተር አይሆንም ወይ? ልጁ ካለበት ሆኖ ይየው» አሉን። «ይሆናል» አልን፣ እኩል። «በምን ትሠሩታላችሁ?» ሲሉ እኔ «በፒኤችፒ» አልኩ፣ እሱ «በዶትኔት» አለ። ያም እኩል ነው የወጣው።

ይኼን ሥራ ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ድረ ገጽ እንደ ቤት ነው። እንግዳው የሚያየው ሳሎኑን ነው፤ ሥራው የሚሠራው ጓዳ ውስጥ ነው። ውጤቱን ከተከማቸበት አውጥቶ፣ ደምሮ፣ አማካዩን አስልቶ ወደ ሳሎን የሚልክ አንድ ፕሮግራም ሰርቨር በሚባለው ዋና ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የእኛ ጠብ የጓዳው ነበር። ፒኤችፒም ዶትኔትም የፕሮግራም መጻፊያዎች ናቸው፤ ጓዳው በየትኛው ይሠራ?

እኔ ፒኤችፒን ያስተማረኝ ሰው የለም። አንዲት ፍላሽ ላይ የተቀዳ መማሪያ ነበረችኝ፤ እሷን ይዤ ራሴን አስተማርኩ። ያኔ ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር ነበር፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት ቆሎው ያልቃል። ፒኤችፒ ግን ከዚያችው ፍላሽ ላይ ይጫናል፣ ያረጀ ኮምፒውተር አይንቅም፣ ጽፈሽ ስታስቀምጪው ወዲያው ይሠራል። እወደው ነበር። እሱ ደግሞ የዶትኔት ሰው ነው፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ እንደሚቆልፍ ሁሉ ፕሮግራሙንም ቆልፎ ነው የሚጽፈው። እያንዳንዱ ነገር ቦታ አለው፤ ስህተት ካለ ፕሮግራሙ ከመነሣቱ በፊት ይነገርሻል። «ያንተ ዶትኔት እስኪነሣ ቅዳሴ ተገብቶ ይወጣል» እለዋለሁ። «ያንቺ ፒኤችፒ በር የሌለው ቤት ነው፤ ውሻም ገብቶ ይወጣበታል» ይለኛል። ዛሬ ሁለታችንም በሌላ ነገር ነው የምንሠራው፤ ያኔ የተጣላንባቸውን እትሞች የሚያስታውሳቸው የለም። ያኔ ግን ከዚያ የሚበልጥ ጉዳይ ምድር ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቀን የሙከራ ገጼን እያየ «የአባትሽን ስም ጻፊበት» አለኝ። ጻፍኩ። ሰንጠረዡ ጠባብ ስለሆነ ፕሮግራሜ ረዘም ያለ ስም ሲያገኝ ጫፉን እንዲቆርጥ አድርጌው ነበር። የአባቴ ስም ሲመጣ መጨረሻው ላይ ፊደሉ ጠፍቶ፣ በቦታው ጥቁር ነገር መካከል የጥያቄ ምልክት ተቀምጧል። ለፒኤችፒ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ቁራጭ ነው፤ መሃል ለመሃል ሲቆርጠው ፊደሉ ይሞታል። መላ እንዳለው በኋላ ተምሬያለሁ፤ ያኔ ግን አላውቅም ነበር። ይስቅብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም። «የአባትሽ ስም ነው እኮ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ የሰው ዕቃ ወድቆ ያየ ይመስል። ያን ቀን ነው ልብ ብዬ ያየሁት።

ዲኑ «ለኮሌጁ ኮሚቴ ረቡዕ ታስረዱና ይወሰናል» አሉን። ከዚያ ረቡዕ በፊት ግን እሑድ ነበረ።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው የኔታ ሲሏቸው እየሰማሁ ስላደግሁ እኔም አባባ ብዬ አላውቅም፤ የኔታ ነው የምላቸው። ያን እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ቁርስ ሳይቀርብ ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው ደጃችን ላይ ቆሙ። ማለዳው ጨፍግጎ ስለነበር አንደኛው ጥቁር ጃንጥላ ይዘዋል።

«ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ» አሉ የኔታ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

እኔና እናቴ ጓዳ ነበርን። ጃንጥላ የያዙት ሰውዬ ሲናገሩ ድምፃቸውን አወቅሁት፤ የኮሌጃችን የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን፣ ልጃችንንም ልጅ እንዲያደርጉልን ለመለመን ነው የመጣነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ የደጀን ልጅ ነው። ከልጅዎ ጋር ጎን ለጎን ነው የሚሠሩት» አሉ። እናቴ ዞር ብላ አየችኝና የያዝኩትን ሰፌድ ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው።

የኔታ «ልጁ የማን ቤት ተማሪ ነው?» አሉ። በእሳቸው ዓለም የተማረ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኼን ነው፤ ከየትኛው መምህር እግር ሥር እንደተቀመጠ። ጋሼ ተጨነቁ፤ ሲጨነቁ ይሰማኛል። «የዶትኔት ነው፣ የኔታ» አሉ በመጨረሻ።

«አላውቃቸውም። ወንበራቸው የት ነው?»

እናቴ አፌን በነጠላዋ አፈነችው።

የኔታ እንደ ደንቡ «ዘመድ ሳንጠይቅ መልስ የለንም፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ተመለሱ» አሏቸው። የዚያን ጊዜ ተቀመጡ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ መርቀው ወጡ። ሲወጡ ሰማዩ ገልጦ ስለነበር የጋሼ ጃንጥላ ከበሩ ጎን ሚስማሩ ላይ ተረስቶ ቀረ።

በእኛ አገር ሽማግሌ የላከ ልጅ መልሱ እስኪመጣ አንገቱን ይደፋል። ልጅቷን መንገድ ላይ ካየ ይሻገራል፤ ቤተ ክርስቲያን ካያት ዞሮ ይቆማል። ሽማግሌ ልኮ የሚያወራ ልጅ «ቀለለ» ነው የሚባለው። ይኼ ደንብ ሲወጣ ግን ልጁና ልጅቷ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ይሠራሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሰኞ ቆሎው በመካከላችን አልፈሰሰም፤ መስኮቱ ላይ በፌስታል ተቀምጦ አገኘሁት። ሰርቨሩን ለማጥፋት ሲፈልግ ከጎረቤት ቢሮ ፀሐፊዋን ጠርቶ «ሥራዋን አስቀምጣ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አላት። የተቀመጥኩት ከክርኑ አጠገብ ነው! ፀሐፊዋ ወደ እኔ ዞራ «ሥራሽን አስቀምጠሻል ወይ?» አለችኝ። «አስቀምጣለች በይው» አልኩ። ፀሐፊዋ ያን ቀን ምሳዋን በልታ የጠገበች አይመስለኝም፣ ስትስቅ ነው የዋለችው።

ጋሼ ምስጢር ጠባቂ ሰው ናቸው፤ ግን ምስጢሩን ግቢው ሁሉ አብሯቸው ጠበቀው። ረቡዕ ሲደርስ ስለ ፒኤችፒና ዶትኔት የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። ኮሚቴው የተሰበሰበው የእኔን መልስ ሊሰማ ነው። የእሱን ሐሳብ ከነቀፍኩ «እምቢ አለች»፤ ከደገፍኩ «ልቧ ሸፍቷል» ሊባል ነው። በገዛ ሙያዬ አፌን ልከፍት ብዬ አፌ ለእኔ አልሆን አለኝ። ተናደድኩ። ስለተናደድኩም እንደዚያን ቀን አስረድቼ አላውቅም።

ፒኤችፒ በነፃ እንደሚገኝ፣ ያሉን አሮጌ ኮምፒውተሮች እንደሚሸከሙት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቶሎ እንደሚነሣ ተናገርኩ። የአማርኛውን ነገር አላነሣሁም። እሱ እንደሚያነሣው እርግጠኛ ነበርኩ። እንዲያነሣውም እፈልግ ነበር፤ እንደ ወትሯችን እሱ ሲወረውር እኔ ስመልስ፣ እዚያው ተፋጭተን አንድ ነገር ላይ እንድንደርስ።

ተራው ደረሰና ተነሣ። የአንገቱን ቁልፍ ነካ አደረገ። «እኔ በእሷ ሐሳብ ተስማምቻለሁ» አለና ተቀመጠ።

ከዚያ የሬጅስትራሩ ኃላፊ «ጥሎሹን አስቀድሞ ሰጠ!» አሉና ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። ዲኑ ሳይቀሩ ሳቁ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ የሆኑት ጋሼ በደስታ ጭናቸውን ይመታሉ። ፒኤችፒ ተወሰነ። እኔ አሸንፌ፣ እንባዬ መጥቶ፣ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

ቤት እንደገባሁ እናቴን «እምቢ በሏቸው» አልኳት።

«ምነው? አስቀየመሽ?»

«እሺ አለኝ።»

እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋዋን አስቀመጠችና ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ተወችው። «ነይ ተቀመጪ» አለችኝ።

«አባትሽ ሲያገቡኝ ከቅኔ ትምህርት ቤት ነው የመጡት፤ ከሴት ጋር አውርተው አያውቁም። እንዳይከፋኝ ይጠነቀቃሉ። ያልኩትን ሁሉ «ይሁን» ነው። በሬው ይሸጥ፣ ይሁን። አይሸጥ፣ ይሁን። መጀመሪያ ደግ ሰው ጣለልኝ አልኩ። እየቆየ ግን ቤት ውስጥ ብቻዬን ያለሁ መሰለኝ። አንድ ቀን ወጡ ላይ ጨው በእፍኝ ጨመርኩበት። በሉት። በማግስቱም ጨመርኩ። በሉት፤ ውኃ ብቻ ደጋግመው ጠጡ። በሦስተኛው ቀን ሲጎርሱ እያየሁ አለቀስኩ። «ምን ሆንሽ?» አሉኝ። «ጨው በዛ አይሉም ወይ?» ብላቸው «በዝቷል፤ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው» አሉ። «እንግዲያስ ይክፋኝ!» አልኳቸው። እኛ ከዚያ ወዲያ ነው የተጋባነው።»

እናቴ ይኼን ነግራኝ አታውቅም ነበር። ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰችና «እምቢ ለማለት ጊዜ አለሽ። መጀመሪያ ጨው ጨምሪበት» አለችኝ።

በማግስቱ ጠረጴዛችን ላይ እሱን በስሙ ጠራሁት። ደነገጠ፤ ደንቡን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። «የአማርኛውን ነገር ለምን አላነሣኸውም?» አልኩት።

ኪቦርዱን እያየ «እሑድ ሽማግሌ ልኬ ረቡዕ እንዴት እሟገትሻለሁ?» አለ።

«ሽማግሌ የላክኸው ለማን ነው? ቀኑን ሙሉ ለምትሟገትህ ሴት አይደለም ወይ? እኔ ካንተ ጋር መጨቃጨቅ ነው የለመድኩት። እሺ የሚለኝ ሰው ብፈልግ ሞልቷል።»

ጆሮው ቀላ። እኔም መልሱን ሳልጠብቅ ወደ ዲኑ ቢሮ ሄድኩና ስብሰባው እንደገና ይጠራ አልኳቸው።

«አሸንፈሽ የለም ወይ?» አሉኝ።

«አንድ ወገን ብቻ ተሰምቶ ነው የተፈረደው። ስለ አማርኛ ስሞች ያልተነገረ ነገር አለ።»

መነጽራቸውን አወለቁና አዩኝ። «ያሸነፈ ሰው ይግባኝ ሲል ዛሬ አየሁ» አሉ፤ ግን ለሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ጠሩት። ከሽማግሌዎቹ ቀጠሮ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ዓርብ ነበረች።

ዓርብ እሱ ተነሥቶ ቆመ፤ ቆሞ ቀረ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ የእኔን የሙከራ ገጽ ከፈተና ጋሼን «የአባትዎን ስም ይንገሩኝ» አላቸው። ነገሩት። ጻፈው። ጥቁሩ ነገር ከነጥያቄ ምልክቱ ብቅ አለ።

«አባቴን ምን አደረጋቸው?» አሉ ጋሼ።

«ቆረጣቸው» አለ እሱ። «እያንዳንዱ ተማሪ ውጤቱን ሊያይ ሲገባ የአባቱን ስም እንዲህ ሆኖ ያገኘዋል። ልጆቹ ከገጠር ነው የሚመጡት፤ ቤተሰቡ መጥቶ ያየዋል። እኔ በዚህ አልስማማም።» ከዚያ የራሱን ከፈተ። ያው ስም፣ ያው ጠባብ ሰንጠረዥ፤ ፊደሉ ሙሉ ሆኖ ወጣ።

ደስ ብሎኝ ልቤ ዘለለ፤ አፌ ግን ለደስታ ጊዜ አልሰጠውም። «ዶትኔትህን የሚሸከም ማሽን የት አለ?» አልኩት።

«የጋሼ ግምጃ ቤት ውስጥ። በእርዳታ የመጣው ሰርቨር ከነካርቶኑ ታሽጎ ተቀምጧል፤ ዊንዶውሱም አብሮት ነው።»

«የመሥሪያው ሶፍትዌርስ? ፈቃዱን ማን ይገዛልሃል?»

«ነፃ እትም አለው። አንቺ የምትይው ስህተት ነው።»

«ስህተት» አለኝ፣ ኮሚቴው ሁሉ እየሰማ። ጠረጴዛውን መታሁ። እሱም ድምፁን ከፍ አደረገ፤ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ስለ መብራት መጥፋት፣ እሱ ስለ ሥርዓት፤ እኔ ስለ ቀላልነት፣ እሱ ከእኛ በኋላ ስለሚመጣው ሠራተኛ። እያከታተለ መለሰልኝ። አንዱንም በዘዴ አላለፈልኝም፤ አላባበለኝም፤ እኩያው አድርጎ ነው የተሟገተኝ። ኮሚቴው እጅ ሲያወጣ ዶትኔት አሸነፈ፣ በሰፊው።

ፊቴ ይግላል። ፈገግታዬ ሊያመልጠኝ ሆነ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተሸንፌ ብፈግግ ሌላ ወሬ ነው፤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ ፈጥኜ ወጣሁ። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ጋሼ «አይ ልጄ!» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ግን ያኔ አላሰብኩትም። ቤት ደርሼ እናቴን «እሺ በሏቸው» አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝና ለእሑድ ዶሮ ልትጠይቅ ጎረቤት ሄደች።

እሑድ ድፎ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ዶሮው ተሠራ። ማለዳውን ዝናብ ጀመረ፤ የግንቦት ዝናብ ነበር፣ ቆርቆሮውን የሚደበድብ። የኔታ ነጭ በነጭ ለብሰው ዳዊታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሽማግሌ የሚመጣበት ሰዓት ደረሰ። አለፈ።

«ጃንጥላቸው እኛ ጋ ነው እኮ» አለች እናቴ። «ዝናቡ ይዟቸው ነው።»

ዝናቡ ቀለል አለ። ማንም አልመጣም። ተመልሶ በረታ። እኔ ጓዳ ውስጥ ተቀምጬ የአጥሩን በር ድምፅ እጠብቃለሁ። የእሱ ስልክ ቁጥር ነበረኝ፤ ግን «ሽማግሌዎችህ የት ቀሩ?» ተብሎ አይደወልም። የሴት ወገን ይጠብቃል እንጂ አይጠይቅም፤ ሽማግሌ ከቀረ ቀረ ነው። የጋሼ «አይ ልጄ!» የዚያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ስወጣ ያዩት አንዲት በሰው ፊት የተዋረደች፣ ፊቷን ሸፍና ያለቀሰች ልጅ ነው። እሱም ያየው ያንኑ ነው። ጨው ጨምር አልኩት፤ ጨመረ፤ ከዚያ ገበታውን ጥዬ የወጣሁ መሰላቸው። ከንዴቴም ከድፍረቴም ምንም አልቀረኝም። ፈራሁ። ያን ልጅ እወደው ነበር፤ ይኼን በግልጽ ለራሴ ያልኩት እዚያ ጓዳ ውስጥ፣ የማይመጣ ሰው እየጠበቅሁ ነው።

የኔታ ዳዊታቸውን አጠፉ። ተነሡ፣ ጋቢያቸውን ደረቡ፣ ከሚስማሩ ላይ ጃንጥላውን አወረዱ።

«ወዴት ነው?» አለች እናቴ።

«ሰውዬው በዚህ ዝናብ ጃንጥላ የላቸውም። ላድርስላቸው።»

«የኔታ! የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ቤት ሲሄድ ማን አይቶ ያውቃል?»

«ሽማግሌ ቤት ማን ሄደ? ዕቃ ልመልስ ነው። የሰው ዕቃ ቤቴ አድሮ አያውቅም» አሉ። ጃንጥላው ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚያ ተሰቅሎ ነበር።

አባቴ ከቤተ ክርስቲያንና ከለቅሶ በቀር የሰው ደጅ የማይረግጡ ሰው ነበሩ። በመስኮቱ አየኋቸው። ጃንጥላው የሰው ነውና አልዘረጉትም፤ ብብታቸው ውስጥ እንደያዙት፣ ዝናቡ ጋቢያቸውን እያበሰበሰው፣ ጭቃውን እየመረጡ ወረዱ። እኔ ለእሳቸው ምን እንደሆንኩ በቃል ነግረውኝ አያውቁም። ያን ቀን ከጀርባቸው አየሁት። አለቀስኩ፤ ይኼኛው እውነተኛ ለቅሶ ነበር።

እዚያ የሆነውን ጋሼ ናቸው በኋላ የነገሩኝ። በሩን ሲከፍቱ የኔታን በስብሰው ቆመው አገኟቸው፤ ደንግጠው «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ። የኔታ አልገቡም። «ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም» አሏቸው። ጋሼ ያን ሲሰሙ የቀሩበትን ምክንያት አወጡት። «ልጅቷን በሰው ፊት አሸንፏት፣ አልቅሳ ወጥታ፣ ምን ፊት ይዘን እንመጣለን ብለን ነው፤ ልጁም በኀፍረት ደጀን ገብቷል» አሏቸው። የኔታም የረቡዑን ነገር ከእናቴ ሰምተው ኖሮ «የእኔ ልጅ የምታለቅሰው እሺ ስትባል ነው» አሏቸው። ከዚያ ገቡና ተቀመጡ።

እኛ ግን ይኼን አናውቅም ነበር። እናቴ ምግቡን ከደነችው፤ እኔ ከመስኮቱ አልተነሣሁም። ብዙ ቆይቶ በዳገቱ ላይ ጥቁር ነገር ብቅ አለ። ጃንጥላው ነው፤ ተዘርግቷል። የኔታ ከሥሩ ናቸው፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ባለቤቱ ይዘውት ይመጣሉ።

ገብተው ውኃውን አራገፉት፣ አጠፉት፣ ከዚያው ሚስማር ላይ መልሰው ሰቀሉት።

«አልነበሩም እንዴ?» አለች እናቴ።

«ነበሩ።»

«ታዲያ አልተቀበሉም?»

«የዛሬ ሳምንት ራሳቸው መጥተው ይወስዱታል። ከሁለቱ ባልንጀሮቻቸው ጋር።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጁ ግን አሸነፈሽ አሉኝ።»

«አዎ፣ የኔታ።»

«በእውነት ነው ወይስ በጩኸት?»

«በእውነት ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እርጥብ ጋቢያቸውን እናቴ ተቀብላ ደረቅ አለበሰቻቸው፤ ለሽማግሌዎቹ የተሠራው ዶሮ ለእኛ ለሦስታችን ቀረበ። የኔታ ባርከው አንድ ጎረሱ። እናቴ እንደ ሁልጊዜዋ አፋቸውን እያየች ትጠብቃለች።

«ጨው አንሶታል» አሉ።